ሜታል የሚጨብጡ አሲዶች፦ ከአጥንት ዘይት እስከ አባ ሰንጋ

ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ አንደርሰን የደከመበት ጥሬ ዕቃ ማንም ሰው ደጁ እንዲደርስ የማይፈልገው ነበር። የከብት አጥንት አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ በኃይለኛ እሳት ሲቃጠል ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሽታው ከልብስ የማይለቅ ዘይት ይወጣዋል። አንደርሰን ይህን ዘይት ደጋግሞ እያነጠረ፣ በአሲድ እያጠበ፣ በየመፍሊያ ሙቀቱ እየለየ አዳዲስ ፈሳሾችን አንድ በአንድ አወጣ። ፒኮሊንን በ1846 ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን አግኝቶ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደግሞ ከአጥንቱ ዘይት ከቤተሰቡ ሁሉ ቀላሉን፣ ፒሪዲንን፣ ለየ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፒሪዲን አምስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን የተያያዙበት ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ነው። አንደርሰን ይህን አያውቅም ነበር። ቪልሄልም ከርነር በ1869፣ ጄምስ ደዋርም ብዙ ሳይቆይ ቅርጹን እስኪያቀርቡ ድረስ የሚታወቀው ሽታው፣ የመፍሊያ ሙቀቱና የንጥረ ነገሮቹ መጠን ብቻ ነበር። ታሪኩ ሁሉ የቆመው በዚያ አንድ ናይትሮጅን ላይ ነው። ናይትሮጅኑ ለማንም ያላካፈላቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ እነሱም ከቀለበቱ ወደ ውጭ ያመለክታሉ። ኤሌክትሮን የጎደለው የሜታል አዮን ሲቀርበው ሁለቱን አቅርቦ ይያያዘዋል።

አሲዶቹ ተከትለው መጡ። በ1867 ሁበር የተባለ ኬሚስት ከትምባሆ የሚገኘውን ኒኮቲን በኦክሲዴሽን ሰባብሮ አንድ አሲድ አገኘ። ሁጎ ቫይደል በ1873 ያንኑ በናይትሪክ አሲድ ሠርቶ ኒኮቲኒክ አሲድ አለው፤ በ1879 ደግሞ ከፒኮሊን ተነስቶ ፒኮሊኒክ አሲድን አወጣ። አይሶኒኮቲኒክ አሲድ ሲጨመር ሦስት ሆኑ። የሦስቱም ቀመር አንድ ነው፦ ስድስት ካርቦን፣ አምስት ሃይድሮጅን፣ አንድ ናይትሮጅን፣ ሁለት ኦክስጅን። ልዩነታቸው አሲድ የሚያደርጋቸው ክፍል፣ ካርቦክሲል የሚባለው፣ ከናይትሮጅኑ በምን ያህል ርቀት እንደቆመ ብቻ ነው። በፒኮሊኒክ አሲድ አጠገቡ ነው፤ በኒኮቲኒክ አንድ ካርቦን ያልፋል፤ በአይሶኒኮቲኒክ ከቀለበቱ ማዶ ፊት ለፊቱ ይቆማል።

የዚያ ዘመን ኬሚስት ካርቦክሲሉ የት እንደቆመ ለማወቅ ውህዱን በብዙ ድካም እየሰባበረ ከታወቁ ቁርጥራጮች ጋር ማወዳደር ነበረበት። ፕራግ የተወለደው ኦስትሪያዊ ዝደንኮ ስክራውፕ በ1886 አቋራጭ አገኘ። አሲዱ በውሃ ይሟሟል፤ ፈዛዛ አረንጓዴ ከሆነው የብረት ጨው፣ የፌረስ ሰልፌት፣ ሙሙት ጥቂት ጠብታ ይጨመርበታል። ካርቦክሲሉ ከናይትሮጅኑ አጠገብ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ቀይ የሚያደላ ቢጫ ቀለም ያወጣል። ከናይትሮጅኑ የራቀ ከሆነ ቀለሙ አይመጣም። ስክራውፕ ይህን በፒሪዲን አሲዶች ብቻ ሳይሆን በዘመዶቻቸው በኪኖሊን አሲዶችም ሞክሮ ሕጉን አሳተመ። ለእኔ የፒሪዲን አሲዶች ስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም ውህድን በብርሃን ማንበብ፣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የሰው ዓይን፣ የብርሃን ምንጩም መስኮት ነበር፤ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ዛሬ በውድ መሣሪያ ከምንጠይቀው አይለይም፦ ሜታሉን የያዘው ማነው? ከየት በኩልስ ያዘው?

ስክራውፕ ሕጉን አወቀ እንጂ ምክንያቱን ሊናገር አይችልም ነበር። ምክንያቱ የመጣው ከአልፍሬድ ቨርነር ነው። ቨርነር በ1893፣ ገና በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ የሜታል አዮን በዙሪያው የተወሰኑ ቦታዎች እንዳሉት፣ ብዙ ጊዜም ስድስት ወይም አራት እንደሆኑ፣ ቦታዎቹም በሕዋ ውስጥ ሥርዓት ይዘው እንደሚቀመጡ አስተማረ። ለዚህ ሥራው በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሃይንሪኽ ላይ የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ በ1904 የመዳብና የግላይሲንን ውህድ ሲመረምር አንድ ሞለኪውል በናይትሮጅኑም በኦክስጅኑም በአንድ ጊዜ ሜታሉን ሊይዝ እንደሚችል አመለከተ። የስክራውፕ ቀለም በዚህ ተፈታ። ፒኮሊኒክ አሲድ ሃይድሮጅኑን ጥሎ በኦክስጅኑ ሜታሉን ሲይዝ፣ አጠገቡ ያለው ናይትሮጅን በሌላው ወገን ይይዘዋል፤ እንደ አንጥረኛ ጉጠት ከሁለት በኩል ይጨብጠዋል። ሜታሉ፣ ናይትሮጅኑ፣ ሁለቱ ካርቦኖችና ኦክስጅኑ አምስት አባላት ያሉት አዲስ ቀለበት ይሠራሉ፤ እንዲህ ያለ ቀለበት ደግሞ ጽኑ ነው። ኒኮቲኒክና አይሶኒኮቲኒክ አሲድ ግን ሁለቱን እጃቸውን በአንድ ሜታል ላይ ማድረስ አይችሉም። በአንዱ አንድ ሜታል፣ በሌላው ሌላ ሜታል ይዘው ድልድይ ይሆናሉ፤ አለዚያም አንደኛውን ጫፍ ባዶ ይተዉታል።

ሃይንሪኽ ላይ በ1917 ፊከን ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ ክሮሚየምን ከፒኮሊኒክ አሲድ ጋር አዋሃደ። ሦስት የፒኮሊኒክ አሲድ ሞለኪውሎች አንዱን ክሮሚየም ከበው ስድስቱን ቦታ ሞሉት፤ ቀይ ክሪስታል ሆነ። ይህ ውህድ ከሰባ ዓመት በኋላ ፈጽሞ በማይጠበቅ ገበያ ላይ ይመለሳል።

በዚህ መሃል ሌሎቹ ሁለቱ አሲዶች በሕክምናው በር ገቡ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በቆሎ በሚበላው ድኻ ሕዝብ ላይ ፔላግራ ይበረታ ነበር፤ ቆዳን የሚልጥ፣ ሆድን የሚያስቀምጥ፣ አእምሮን የሚያውክ በሽታ ነው። ጆሴፍ ጎልድበርገር በ1915 በሚሲሲፒ እስረኞች ላይ ባደረገው ሙከራ በሽታው ከምግብ ጉድለት እንጂ ከተላላፊ ተሐዋሲ እንዳልሆነ አሳየ። የጎደለውን ነገር በ1937 ያገኘው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኮንራድ ኤልቬየም ነው፤ ኒኮቲኒክ አሲድ ሆኖ ተገኘ። ሰባ ዓመት ሙሉ በኬሚስቶች መደርደሪያ ላይ የቆየ ዱቄት! አይሶኒኮቲኒክ አሲድም ተመሳሳይ ዕጣ ነበረው። ሃንስ ማየርና ዮሴፍ ማሊ በ1912 ፕራግ ውስጥ ከእሱ የሠሩት ውህድ ለአርባ ዓመት ተረስቶ፣ በ1952 አይሶኒያዚድ ተብሎ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሆነ። ዛሬም በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የነቀርሳ ታካሚ ከሚውጣቸው መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ነው።

ዓይንን የሚተካው መሣሪያ የደረሰውም በዚሁ ጊዜ ነው። ዊሊያም ኮብሌንትዝ በ1905 የብዙ ውህዶችን የኢንፍራሬድ ስፔክትረም አሳትሞ ነበር፤ ሥራው ግን እያንዳንዱን ነጥብ በእጅ መለካት የሚጠይቅ አድካሚ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰው ሠራሽ ጎማና የነዳጅ ፋብሪካዎች ፈጣን መመርመሪያ ሲፈልጉ ፐርኪን ኤልመር የተባለው ኩባንያ የኢንፍራሬድ መሣሪያ መሸጥ ጀመረ። ሜታልና የጨበጡት ሞለኪውሎች አብረው ለሚሠሯቸው ውህዶች፣ ለሜታል ኮምፕሌክሶች፣ የጎደለው ጠጣር ናሙናን ማዘጋጃ ዘዴ ነበር፤ እሱም በ1952 ተገኘ። አንድ ሚሊግራም ያህል ናሙና ከመቶ እጥፍ በሚበልጥ ደረቅ ፖታሲየም ብሮማይድ ጋር በአጌት ሙቀጫ ይደቅቃል። ዱቄቱ በማተሚያ ቅርጽ ገብቶ በፕሬስ በበርካታ ቶን ሲጫን ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ክብ ይሆናል። ይህ ጨው የተመረጠው እሱ ራሱ በሚፈለገው ክልል ኢንፍራሬድ ስለማይመጥጥ ነው። ችግሩ እርጥበት መሳቡ ነው። በደንብ ያልደረቀ ጨው የውሃን ምልክት 1640 አካባቢ ያመጣል፤ የካርቦክሲሉ ዋና ምልክት የሚወጣውም በዚያው ሰፈር ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ ውሃን አንብቦ ስለ ሜታል ይጽፋል።

ቁጥሮቹ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገቡት ሞገዶች ብዛት ናቸው። እያንዳንዱ ኬሚካዊ ትስስር የሚንቀጠቀጥበት የራሱ ቁጥር አለው፤ አተሞቹ ከማን ጋር እንደተያያዙም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ሃይድሮጅኑን ያልጣለ ካርቦክሲል 1700 አካባቢ ጉልህ ምልክት ይሰጣል። ሜታል ሲይዝ ያ ምልክት ይጠፋና በቦታው ሁለት ይወጣሉ፦ አንዱ ከ1600 በላይ፣ ሌላው ከ1400 በታች። የመጀመሪያው ሁለቱ ኦክስጅኖች በተቃራኒ ሲንቀጠቀጡ፣ ሁለተኛው እኩል ሲንቀጠቀጡ የሚመጣ ነው።

ጠጣር ናሙና እንዲህ በቀላሉ መነበብ በጀመረበት ሰሞን ቤተሰቡ አራተኛ አባል በሕያው ነገር ውስጥ አሳየ። ዳይፒኮሊኒክ አሲድ በናይትሮጅኑ ግራና ቀኝ ሁለት ካርቦክሲል ያለው ነው፤ ሜታልን ከሦስት በኩል ይይዛል። በጃፓን ከአኩሪ አተር በሚሠራው ናቶ ውስጥ በ1936 ተገኝቶ ነበር። በ1953 ደግሞ ጆአን ፓወል በእንግሊዝ ፖርተን ከሚገኘው የተሐዋስያን ምርምር ተቋም፣ ይህ አሲድ ባሲለስ በሚባሉት ባክቴሪያዎች ስፖሮች ውስጥ በብዛት እንዳለ አሳተመች። ስፖር ማለት ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ ሲመጣበት ራሱን አድርቆ፣ ሸፍኖ የሚተኛበት መልኩ ነው። ከደረቅ ክብደቱ አሥር በመቶ ያህሉ ካልሲየም የያዘ ዳይፒኮሊኒክ አሲድ ነው። ለመራባት በሚሯሯጠው ባክቴሪያ ውስጥ ግን የለም። ፖርተን ስፖሮችን የሚያጠናበት ምክንያት ከባድ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1942፣ የተቋሙ ሳይንቲስቶች በስኮትላንድ ግሩናርድ ደሴት ላይ የአባ ሰንጋ ስፖር የያዘ ቦምብ በበጎች ላይ ሞክረዋል፤ ደሴቲቱ በፎርማልዴሃይድ ታጥባ ከአደጋ ነጻ የተባለችው በ1990 ነው። ከብት ያረባ ኢትዮጵያዊ ገበሬ አባ ሰንጋ የገደለው ከብት የወደቀበት መሬት ለዓመታት እንደማይታመን ያውቃል። ያንን ጽናት ለስፖሩ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ይህ የካልሲየም ኮምፕሌክስ ነው።

1960ዎቹ የምልክት ንባብ ዘመን ሆኑ። ጊልና ባልደረቦቹ በ1961፣ ክላርክና ዊልያምስ በ1965 የፒሪዲን ቀለበት ሜታል ሲይዝ ምን እንደሚሆን አሳዩ። ብቻውን ያለ ፒሪዲን 604 እና 405 ላይ የሚሰጣቸው ሁለት ምልክቶች ናይትሮጅኑ ሜታል ሲይዝ ወደ ላይ ይገፋሉ። ካርቦክሲሉ አንድ ምስክር፣ ቀለበቱ ሌላ ምስክር ሆኑ ማለት ነው። ሁለቱም ከተንቀሳቀሱ አሲዱ በሁለት ወገን ይዟል፤ ካርቦክሲሉ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ናይትሮጅኑ ባዶ ነው። ካዙኦ ናካሞቶ በ1963 እስከዚያ የተገኘውን ዕውቀት በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበው፤ መጽሐፉ ደጋግሞ እየታደሰ በየላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ኖሯል። በ1969 ደግሞ ፊንላንዳዊው ሉሜና ባልደረቦቹ የዚንክ ፒኮሊኔትን ክሪስታል በኤክስሬይ ለክተው፣ ጭበጣው በእርግጥም ከናይትሮጅኑና ከኦክስጅኑ መሆኑን አተም በአተም አሳዩ።

ለመዳብ ሌላ መሣሪያም ነበረ። ዬቭጌኒ ዛቮይስኪ በጦርነቱ መሃል በ1944 ካዛን ከተማ ውስጥ ያገኘው የኤሌክትሮን ስፒን ሬዞናንስ፣ ጥንድ የሌለውን ብቸኛ ኤሌክትሮን በማግኔት መስክ ውስጥ ያነባል። ሁለት አዎንታዊ ቻርጅ ያለው መዳብ እንዲህ ያለ አንድ ኤሌክትሮን ስላለው፣ ኤሌክትሮኑ የሚኖርበትን አካባቢ ቅርጽ ይናገራል።

በ1980 አውስትራሊያዊው ግሌን ዲከንና ባልደረባው ፊሊፕስ በዘርፉ እጅግ ከሚጠቀሱት ጽሑፎች አንዱን አወጡ። በኤክስሬይ ቅርጻቸው የታወቁ ብዙ የአሴቴት ውህዶችን ሰብስበው በሁለቱ የካርቦክሲል ምልክቶች መካከል ያለውን ልዩነት መረመሩ። በሶዲየም አሴቴት ልዩነቱ 164 ነው። ከዚህ በጣም ሲሰፋ፣ ከ200 ሲያልፍ፣ ሜታሉ የተያዘው በአንድ ኦክስጅን ነው፤ በጣም ሲጠብ በሁለቱም ኦክስጅኖች ነው። ሁለቱ ሰዎች ሕጉን ሲጽፉ ልዩ ሁኔታዎቹንም ዘርዝረዋል። ከእነሱ በኋላ የመጣው ልማድ ግን ያሳስበኛል። ሕጉ የተወለደው ከአሴቴት ነው፤ የፒሪዲን ቀለበት ደግሞ የራሱን ምልክቶች 1600 አካባቢ ስለሚጥል ከካርቦክሲሉ ጋር ይደራረባሉ። ክሪስታል ሳያበቅሉ፣ አንድን ቁጥር ከሌላው ቀንሰው ብቻ ቅርጹን የሚወስኑ ጽሑፎች በየመጽሔቱ ሞልተዋል። ቢያንስ የቀለበቱን ምልክትና ከ500 በታች ያለውን ክልል መጨመር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሃይንሪኽ ላይ ቀይ የክሮሚየም ክሪስታል የተመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ የነበረው ጋሪ ኢቫንስ፣ ክሮሚየም ፒኮሊኔት ክሮሚየምን ወደ ሰውነት በሚገባ ያደርሳል ብሎ አስተዋወቀው። በ1990ዎቹ ውፍረት ይቀንሳል፣ ጡንቻ ያዳብራል እየተባለ በመድኃኒት መደብሮች ሁሉ ተሸጠ። ኬሚስቷ ዳያን ስተርንስ አርምስትሮንግ ከተባለ ባልደረባዋ ጋር በ1992 የክሪስታሉን ቅርጽ በኤክስሬይ አሳተመች። በ1995 ደግሞ በዳርትመዝ ኮሌጅ ከካረን ወተርሃን ቡድን ጋር ሆና፣ በላቦራቶሪ በሚያድጉ የሃምስተር ሴሎች ላይ ውህዱ ክሮሞሶም እንደሚጎዳ አሳየች። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ያልተረጋገጡ የማስታወቂያ ቃላትን እንዲያቆሙ ሻጮቹን በስምምነት አስገደደ።

ወተርሃንን ሳላነሳት አላልፍም። በነሐሴ 1996 ለሜርኩሪ ስፔክትረም መለኪያ የሚሆን ዳይሜትል ሜርኩሪ ስታዘጋጅ ጥቂት ጠብታ በጓንቷ ላይ ወደቀ። ጓንቱ የላቴክስ ነበር፤ ፈሳሹ በሰኮንዶች ውስጥ አልፎ ቆዳዋ ደረሰ። ምልክቱ ከወራት በኋላ ታየ፤ በሰኔ 1997 አረፈች። በዓለም ላቦራቶሪዎች የጓንት ደንብ የተለወጠው በእሷ ሞት ነው። ሜታል ምን እንደሚያደርግ ሰውን ለማስጠንቀቅ ስትደክም የኖረች ሴት በሜታል መሞቷ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በዚያው በ1997 የዳይፒኮሊኒክ አሲድ ታሪክ ወደ ሌላ አቅጣጫ ታጠፈ። ኢንግማር ግሬንተ በ1961 ስዊድን ውስጥ አሲዱ ላንታናይድ የሚባሉትን ሜታሎች ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ለክቶ ነበር፤ ሦስት ሞለኪውሎች አንዱን ሜታል ከበው በዘጠኝ ነጥብ ይይዙታል። ከእነዚህ ሜታሎች ቴርቢየም ብቻውን ብርሃን የሚመጥጠው በጣም በደካማ ሁኔታ ነው። ዳይፒኮሊኒክ አሲድ ሲይዘው ግን ቀለበቱ አልትራቫዮሌቱን ተቀብሎ ኃይሉን ለቴርቢየሙ ያስተላልፋል፤ ቴርቢየሙም 545 ናኖሜትር ላይ ደማቅ አረንጓዴ ይሰጣል። ባረላና ሼሪ በ1976 ይህን የተጠቀሙበት አሲዱን ጨምረው ጥቂት ቴርቢየምን ለመለካት ነበር። ሮዘንና ባልደረቦቹ በ1997 ነገሩን ገለበጡት፦ ቴርቢየምን ጨምረው አሲዱን ፈለጉ፤ አሲዱ ካለ ስፖር አለ ማለት ነው። አረንጓዴው ብርሃን በሚሊሰኮንድ የሚቆጠር ዕድሜ አለው፤ የሌላው ቆሻሻ ብርሃን ከእሱ በፊት ይጠፋል፤ መሣሪያው ጥቂት ጠብቆ ቢያነብ የሚያየው ቴርቢየሙን ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ዘዴው ተፈለገ። በ2001 መኸር የአባ ሰንጋ ስፖር ዱቄት የያዙ ደብዳቤዎች በአሜሪካ ፖስታ ተላኩ፤ 22 ሰዎች ታመሙ፣ አምስቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የነበረው አድሪያን ፖንስ ቡድን ዘዴውን አየር እየሳበ ስፖር ሲያገኝ ድምፅ ወደሚያሰማ መሣሪያ ለማድረስ ሠራ። ዘዴው ወሰን አለው፤ የአባ ሰንጋን ስፖር ከሌላ የማይጎዳ ባሲለስ ስፖር አይለይም። ነገር ግን ስፖር መኖሩን፣ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ቀናት ከመጠበቅ ይልቅ፣ በደቂቃዎች ይናገራል።

ክሮሚየሙም መጨረሻ አገኘ። በ2014 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሊቃውንት ማስረጃውን ሁሉ መርምረው፣ ክሮሚየም ለሰው አስፈላጊ ንጥረ ነገር መሆኑን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ስለሌለ የሚመከር የቀን መጠን ማውጣት አይገባም አሉ። ቅርጹ አተም በአተም የታወቀ ውህድ በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሳይታወቅ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ተውጧል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2015፣ ሕንድ ፑኔ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ከኒኬልና ከአይሶኒኮቲኒክ አሲድ የተሠራ ቀዳዳማ ክሪስታል አሳተሙ። ስክራውፕ የብረት ጠብታ ቢጨምርበት ቀለም የማይሰጠው፣ መጨበጥ የማይችለው አሲድ ነው። ናይትሮጅኑና ካርቦክሲሉ ፊት ለፊት ስለሚቆሙ ኒኬልን ከኒኬል እያገናኘ ጠባብ ክፍሎች ያሉት መዋቅር ይሠራል፤ በከፍተኛ ግፊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ክፍሎቹ ሲገባ ሃይድሮጅን ያልፋል።